የእድሩ ሳጥን ሦስተኛ ቁልፍ

ፀሐይወርቅ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ሰውየውን ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ የተጋደሙትን ሁለት ቁልፎች ነው። አንዱ ቀይ ክር የታሰረበት የአቶ ሂርጳ ቁልፍ ነው። ሌላው ቀለበቱ የዛገው የአብደላ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሁለት ቁልፎች ከእድሩ ሳጥን ፊት በቀር ሌላ ቦታ ጎን ለጎን አይታቸው አታውቅም።

አቶ በፍቃዱ እንድትቀመጥ በእጁ አመለከታት። አልተቀመጠችም።

ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ አይገባም። ፋብሪካው የሻማ ፋብሪካ ነው፤ ከነፋስ ስልክ አስፋልት ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ግቢው ሁልጊዜ ሰም ሰም የሚሸት። ሠራተኛው ስልሳ ሦስት ሲሆን አብዛኛው ሴት ነው። መንግሥት ድርጅቶቹን ለግል እየሸጠ በነበረበት በዚያ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የሻማው ፋብሪካም ተራው ደረሰና ጨረታ ወጣበት። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ በታተመ ማግስት ከማሸጊያ ክፍል አንዷ፣ ሻማውን የምንሠራው እኛ ሆነን ሳለ ለምን እኛው አንገዛውም ብላ ጠየቀች። ያልሳቀ አልነበረም። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው አቶ በፍቃዱ ነው፤ «አህያ የሌላቸው በቅሎ ገበያ ወጡ» እያለ በሄደበት ሁሉ አወራው። ሳቁ የቆመው ሠራተኞቹ ማኅበር መሥርተው የጨረታ ሰነድ የገዙ ዕለት ነው።

ሳቁ የቆመበትም ምክንያት አለው። ፋብሪካውን የአቶ በፍቃዱ ሚስት ወንድም ሊገዛው ይፈልጋል። ሰውየው ሁለት ጊዜ በመኪና መጥቶ ግቢውን በእርምጃው ሲለካ ሁሉም አይቶታል። ጨረታው ደግሞ በታሸገ ፖስታ ነው፤ ብዙ የሰጠ ይወስዳል። የሌላውን ዋጋ ቀድሞ ያወቀ ሰው ትንሽ ብቻ ጨምሮ ፋብሪካውን ከእጃቸው ሊነጥቃቸው ይችላል። ያኔ አዲሱ ባለቤት ስንቱን ሠራተኛ እንደሚያሰናብት እግዜር ነው የሚያውቀው። በዚያ ሰሞን እንግዲህ በስልሳ ሦስት ቤት ውስጥ ከዚያ ፖስታ የከበረ ነገር አልነበረም።

ፖስታውን ያዘጋጀችው ፀሐይወርቅ ናት። የፋብሪካው ጸሐፊና የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆና ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ምስጢር ስትተይብ ኖራለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ ከካርቦን ወረቀት የወጣ ምስጢርም እንደማይመለስ የምታውቀው ግን እሷ ናት። ሠራተኞቹ እያንዳንዳቸው ማዋጣት የሚችሉትን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው፣ አጥፈው፣ ለእሷ ብቻ ሰጧት። አንዷ የአንገት ወርቋን ልትሸጥ ነው። አንዱ አማቹን ለምኗል። አንዷ ደግሞ የጻፈችው ከማነሱ የተነሳ አፍራ ወረቀቱን እንደ ክታብ አጣጥፋው ነበር። ይህን ሁሉ ያየ ሌላ ሰው የለም፤ ማየትም አልነበረበትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው ጭር ሲል ዋጋውን አውጥታ በሰነዱ ላይ ተየበችው፤ ካርቦኑንና ቁርጥራጭ ወረቀቶቹን በሙሉ ሰም ማቅለጫው ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። የእድሩ ዳኛ አቶ ሂርጳና ገንዘብ ያዡ አብደላ አጠገቧ ቆመው ነበር። ቁጥሩን እንዳትነግራቸው ራሳቸው ለመኗት፤ ያላወቁትን ማንም ከአፋቸው አያወጣውም። ከዚያ ፖስታውን በገዛ ሰማቸው አሽገው የእድሩን ማኅተም መቱበት።

የት ይቀመጥ የሚለው ነበር ጭንቁ። ቢሮ አይታመንም፣ የአንድ ሰው ቤትም አይታመንም። በመጨረሻ አብደላ የሠራተኞቹ እድር ሳጥን ይሁን የሚል ሐሳብ አነሳ። ሳጥኑ በብረት የተለበጠ የዋንዛ ሳጥን ነው፤ ሦስት ጓጉንቸር አለው። አንዱ ቁልፍ ከዳኛው፣ አንዱ ከገንዘብ ያዡ፣ አንዱ ከጸሐፊዋ ከፀሐይወርቅ ዘንድ ነው፤ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ሳጥኑ ራሱ ደግሞ የሚቀመጠው ቁልፍ የሌላት ሰው ቤት ነው፤ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት በምትኖረው በሠራተኛዋ በገዲሴ ቤት፣ ከድንኳኑና ከትልልቁ ድስት ጋር። ቁልፍ ያለው ሳጥን የለውም፤ ሳጥን ያለው ቁልፍ የለውም። ፖስታውን እዚያ ቆለፉት። ቀደም ብሎ የገባ ፖስታ የት እንደሚያድር ስለማይታወቅ፣ ጨረታው በሚዘጋበት ዕለት፣ ሐሙስ፣ መዝጊያው አሥር ሰዓት ሲቃረብ ሊያስገቡት ተማማሉ።

እንግዲህ ሐሙስ ደርሷል። ከጠዋቱ ሦስት ተኩል ነው፤ ሁለቱ ቁልፎችም አቶ በፍቃዱ ጠረጴዛ ላይ ናቸው።

ሰውየው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ለስለስ አለ። ጠባቂ ልኮ ሳጥኑን በጓሮ በር እንደሚያስመጣ፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ እንደሚከፍተው፣ አንዲት ወረቀት አይቶ እንደነበረ አሽጎ እንደሚመልሰው አስረዳት። ፖስታው እንዳልተነካ ሆኖ አሥር ሰዓት ላይ በክብር ይገባል፤ ማንም አያውቅም።

«ማኅተሙም እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው አሉ» አላት።

ያን ጊዜ ነው ፀሐይወርቅ የሠሩትን ስህተት ያየችው። የእድሩ ማኅተም ዘወትር የሚቀመጠው በሳጥኑ ውስጥ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ዕለት ፖስታውን ካሸጉ በኋላ እንደ ልማዳቸው ማኅተሙን አብረው ቆለፉት። ሰም እንደሆነ ፋብሪካው ውስጥ በበርሜል ነው ያለው። ፖስታው ተከፍቶ ቢታሸግ እሷ ራሷ እንኳ አትለየውም። ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ስትጠብቅ ኖራ ይህን አለማሰቧ ከሰውየው በላይ በራሷ ላይ አበሸቃት።

ቁልፎቹን እንዴት እንዳገኘ ጠየቀችው። አልደበቃትም፤ በሠራው ሥራ ኮርቷል። አቶ ሂርጳ ሦስት ወር ቆይተው ጡረታ ይወጣሉ፤ ወረቀታቸው ሳይፈረም መሳቢያው ውስጥ ሊከርም እንደሚችል ነገራቸው። ለመጋዘኑ ኃላፊ ለአብደላ ደግሞ የጎደለ ሰም እንዳለና ለፖሊስ የሚሄደው ደብዳቤ ተተይቦ እንዳለቀ ነገረው። ለሁለቱም በመጨረሻ አንድ ነገር ጨመረላቸው፤ ፀሐይወርቅ ትናንት ሰጥታኛለች፣ የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ አላቸው።

ደብዳቤው ውሸት እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ ከዚያ ፋብሪካ በእሷ ጣት ሳያልፍ የሚወጣ ደብዳቤ የለም። ያንገበገባት ግን የመጨረሻው ነው። ስሟን፣ ዐሥራ አራት ዓመት በሰው ለቅሶ ላይ እየቆመች ያከበረችውን ስሟን፣ ለሁለት ጓደኞቿ በአንድ ጠዋት ሸጦታል። ቁጥሩን በቃሌ ልንገርዎና እንላቀቅ ብላ የሐሰት ቁጥር ልትሰጠው አሰበች። ሰውየው ግን ሐሳቧን ያነበበ ይመስል በወሬ እንደማይጫረት፣ ወረቀቱን በዓይኑ ማየት እንደሚፈልግ ነገራት። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይሏል ይህ ነው።

«አዲሱ ባለቤት ሲመጣ የእርስዎ ወንበር አይነካም፤ ይህን እኔ አረጋግጥልዎታለሁ» አላት። «ቁልፉ የት ነው?»

«አንገቴ ላይ ነው።»

ከነጠላዋ ሥር ጥቁሩን ክር ሳበችው። መስቀሉና ቁልፉ አብረው ወጡ።

«ከማተቤ ጋር ነው ያሰርኩት» አለች። «ቁልፉን ለመውሰድ ማተቤን መበጠስ አለብዎት። የሚበጥሱ ከሆነ ይኸው አንገቴ። ግን ቆይ በሩን ልክፈተው፤ ሰው ይየን።»

እጇን ወደ በሩ እጀታ ሰደደች። አቶ በፍቃዱ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ግን ወደ እሷ አልቀረበም። የሰውየው ፊት ተለዋወጠ፤ አንቱታውም አብሮ ሄደ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ቁልፉን ይዘሽ ካልመጣሽ ከሰዓት በኋላ የስንብት ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ።»

«እንግዲያው የሚተይብልዎ ሰው ካሁኑ ይፈልጉ» አለችው። «እኔ ዛሬ ሥራ ይበዛብኛል።»

በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ፈርታለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ሴት ልጆች በዚያች ደመወዝ ነው የሚማሩት። ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆመች፤ ብስራተ ገብርኤልን በልቧ ጠራችውና ወደ ሰም ማቅለጫው ወረደች።

አቶ ሂርጳ በርሜል ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። አብደላ አጠገባቸው ቆሞ የማያስፈልግ ነገር ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ሁለቱም ሲያዩዋት አንገታቸውን ደፉ፤ እሷም እንደ እነሱ የሰጠች መስሏቸዋል። ፀሐይወርቅ ምንም ሳትናገር ክሩን ስባ ቁልፉን አሳየቻቸው። አብደላ ያነሳውን ጣሳ ለቀቀው። አቶ ሂርጳ ቁልፉን አይተው፣ «እኔ ሽማግሌው በውሸት ተገዛሁ» ብለው አለቀሱ። ፀሐይወርቅ ልትቆጣቸው ነበር የመጣችው፤ ሲያለቅሱ ስታይ ግን ቁጣዋ ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

አብደላ ሄደን ቁልፎቹን እንለምነው አለ። አቶ ሂርጳ ደግሞ ሽማግሌ እንላክበት አሉ። ፀሐይወርቅ ሰዓቷን አየች። ሰውየው ሁለት ቁልፍ ይዟል፤ የእሷን በጉልበት ቢወስድ ወይም አንድ ቁልፍ ሠሪ ቢጠራ በጸጥታ ያለቀ ነገር ነው። የሰውየው ጉልበት ጸጥታው ላይ ነው ያለው። ፖስታው እንደተከፈተ ሠራተኛው ካወቀ ዋጋውን ይለውጣል፤ ስለዚህ ሳጥኑ ማንም ሳያይ መከፈት አለበት። ይህ ሲገባት መንገዱም ታያት።

«ሳጥኑ የማን ነው?» አለቻቸው።

«የእድሩ ነዋ» አለ አብደላ።

«እንስበረው።»

የእድር ሳጥን መስበር ተሰምቶ አያውቅም። ከዚህም ሌላ በደንቡ ሦስቱ ቁልፍ ካልተሟላ ሳጥኑ የሚከፈተው አባል በተሰበሰበበት ነው፤ አባል የሚሰበሰበው በጥሩምባ ነው፤ ጥሩምባ የሚነፋው ደግሞ ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ያለ ሞት ጥሩምባ ያስነፋ ሰው መቀጮ ይከፍላል፣ ስሙም በእድሩ ደብተር በመጥፎ ይጻፋል። ደንቡን ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ያረቀቁት አቶ ሂርጳ ናቸው። ከበርሜሉ ላይ ተነሱና ሱሪያቸውን አራገፉ።

«መቀጮውን እኔ እከፍላለሁ» አሉ። «ስሜም ይጻፍ።»

አምስት ሰዓት ሳይሞላ ጥሩምባው ከገዲሴ ደጅ ተነፋ። ማሽኖቹ ቆሙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እጃቸው ላይ ሰም እንደተጋገረ፣ የማን ቤት እንደሆነ እየተጠያየቁ ከበሩ ወጡ። ከጎረቤትም ሰው መጣ። አቶ በፍቃዱም ወጣ፤ ሞት ሲባል ሥራ አስኪያጅም ቢሆን ቢሮው አይቀመጥም። የሁሉም ዓይን ገዲሴ ደጅ ላይ ወዳለው ሳጥን ነው። አቶ በፍቃዱ ሳጥኑን ሲያይ እርምጃው ቀዘቀዘ።

«ማን ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀ።

«እስካሁን ማንም» አለች ፀሐይወርቅ። «እንዳይሞት ነው የተጠራነው።»

ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉንም ነገረችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሪፖርት እንደምታነብ ሰው በቅደም ተከተል ተናገረች። ሁለቱ ቁልፎች የት እንዳሉ፣ ሦስተኛው ለምን እንደተጠየቀ፣ ምን እንደተባለች። የሰጡትን ሰዎች ስም ግን አላነሳችም። አቶ ሂርጳ ወደ መሃል ገብተው አንደኛው የእሳቸው እንደሆነ፣ ፈርተው እንደሰጡ ተናገሩ። አብደላም ተከትሎ የራሱን አመነ። አጉረመረመ ሰው። የአንገት ወርቋን ልትሸጥ ያሰበችው ሴት ጭኗን መታች። የተቆጣ ነበር፤ የሰደባቸው ግን የለም፤ እዚያ ከቆመው ሰው መካከል አቶ በፍቃዱን ፈርቶ የማያውቅ ማን አለ?

አቶ ሂርጳ የድንኳን ካስማ የሚመታበትን መዶሻ አነሱ። አቶ በፍቃዱ ያን ጊዜ ሥራ እያስቆማችሁ ነው፣ ይህ ሕገ ወጥ ስብሰባ ነው ብሎ መጮህ ጀመረ፤ ሳጥኑንም ጠባቂዎቹ እንዲያነሱት አዘዘ። ጠባቂዎቹ ራሳቸው እድርተኞች ናቸውና ያልሰሙ መሰሉ። ገዲሴ መቀነቷን አጥብቃ በሰውየውና በሳጥኑ መካከል ገብታ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይህ የእኔ ደጅ ነው» አለችው። «እርስዎ ደግሞ እድርተኛ አይደሉም። ግቡ ስንልዎት ከእናንተ ጋር ምን አለኝ ብለው ነበር።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ መዶሻው አረፈ። የመጀመሪያው ጓጉንቸር በሁለት ምት ተገነጠለ፣ ሁለተኛው በአንድ፤ ሦስተኛው አልበገር ብሎ አብደላ በመፈልቀቂያ ብረት አገዛቸው። ክዳኑ ሲከፈት ፖስታው እንዳስቀመጡት ነው፤ ማኅተሙም ጎኑ ተጋድሟል። ፀሐይወርቅ ፖስታውን ወደ ላይ አንስታ ለሁሉም አሳየች።

ሰው እልል ሊል ሲል እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ስህተታቸውን አልረሳችውም። ፖስታውን ሳጥኑ ክዳን ላይ ደፍታ፣ እያንዳንዱ አባል መዝጊያው ላይ፣ የፖስታው ክዳንና ገላ በሚገናኙበት መስመር ላይ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ እንዲሆን አድርጎ እንዲፈርም ነገረች። አንድ ማኅተም አስመስሎ መምታት ይቻላል፤ የስልሳ ሦስት ሰው እጅ ግን ማን አስመስሎ ይጽፋል? መጻፍ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን በማኅተሙ ቀለም እየነከሩ አሳረፉ። ቦታው ሲሞላ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ ሄዱ። ወረቀቷን እንደ ክታብ ያጣጠፈችው ሴት ጣቷን ስታሳርፍ ከሁሉም አጥብቃ ነው የተጫነችው። የፖስታው ጀርባ ሰማያዊ ሆነ።

ፀሐይወርቅ ይህ ሁሉ ሲያልቅ ክሩን ከአንገቷ ፈታች፣ ቁልፉን ከመስቀሉ ለየች፣ ክሩን መልሳ አሰረችና ወደ አቶ በፍቃዱ ሄደች። መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ሦስቱም ሞልተውልዎታል» አለችው።

ሰውየው ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። ፀሐይወርቅ ዞር ብላም አላየችው።

ሁሉም ልሂድ አለ። በጎተራ በኩል ወደ ከተማ የሚሄዱ ሁለት ውይይት ታክሲዎች ሞሉ፤ የቀሩት በአውቶቡስና በእግር ተከተሉ። ፖስታው ከፀሐይወርቅ ነጠላ ሥር ነበር፤ በአንድ ጎኗ አቶ ሂርጳ፣ በሌላው አብደላ ተቀምጠው ሰው እንዳይነካት ትከሻቸውን እንደ አጥር አደረጉላት። ድርጅቶቹን የሚሸጠው መሥሪያ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት አልፏል። ፖሊሱ ይህን ሁሉ ሕዝብ አላስገባም አለ፤ አንድ ተወካይ ብቻ ይግባ። ማን እንደሚገባ የጠየቀ የለም።

ፀሐይወርቅ ገባች። ፖስታውን ቀድማ ላለማስገባት የተማማሉትን ጠብቃ፣ ሁለተኛ ፎቅ መተላለፊያ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጠበቀች። የጨረታው ሳጥን ፊት ለፊቷ ነው፤ ክዳኑ ላይ ፖስታ የምታስገባ ቀዳዳ አለችው። አንድ ጸሐፊ ከስልኩና ከመዝገቡ ኋላ ተቀምጧል። ከጸሐፊው አጠገብ ደግሞ ግቢያቸውን በእርምጃው የለካው ሰው አለ። ጉልበቱ ላይ በመኪና የተተየበ ሰነድ ዘርግቷል፤ ሁሉ ነገር ተሞልቷል፤ የዋጋው መስመር ብቻ ባዶ ነው። ፖስታው ክፍት ነው። ሰውየው በየደቂቃው ስልኩን ያያል።

ስልኩ ጮኸ። ጸሐፊው አንስቶ ለሰውየው ሰጠው። ሰውየው ትንሽ አዳመጠ። «እንዴት ማለት ነው? በፍቃዱ፣ እስካሁን ሳትደውል ምን ትጠብቅ ነበር?» አለ። ደግሞ አዳመጠና መነጋገሪያውን በዝግታ መለሰው። አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ሲመታ ፀሐይወርቅ ካለችበት ታየዋለች።

ተነስታ ፖስታዋን ለጸሐፊው ሰጠች። ጸሐፊው መዝገቡ ላይ ጽፎ ተቀበላት፤ ገልበጥ ሲያደርገው በፊርማና በጣት አሻራ ተሞልቶ አየና ቀና አለ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ባለቤቶቹ ናቸው» አለችው።

ጸሐፊው ሳቅ አለ፤ ደረሰኝ ቆረጠላት። በገዛ እጇ ፖስታውን በቀዳዳዋ አስገባችው፤ ከሥር ሲያርፍ ሰማችው። የስንብት ደብዳቤዋ ነገ እንደሚጠብቃት ታውቃለች። አሁን መሄድ ትችላለች፤ ታች ስልሳ ሁለት ሰው ቆሞ ይጠብቃታል። እሷ ግን ተመልሳ ከሰውየው ጎን ተቀመጠች። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ሰውየው ብዕሩን ያነሳል፣ ባዶው መስመር ላይ ያደርሰዋል፣ ይመልሰዋል። ቁጥር ከየት ይምጣ? እስከዛሬ የራሱን ዋጋ አስቦት አያውቅም።

«ወንድሜ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለችው ፀሐይወርቅ። «እኛ ያለንን ነው የጻፍነው። እርስዎም ያለዎትን ይጻፉ።»

ሰውየው ብዕሩን እንደገና አነሳ። ጸሐፊው የግድግዳውን ሰዓት አየና አሥር ደቂቃ እንደቀረ ተናገረ።